ለታዳጊ ሯጮች የሚታዘዝ የቫይታሚንና የማዕድን እንክብል፦ ልግዛላት ወይስ ልተወው?

የሯጯ አባት (ደብረ ብርሃን)

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ የ1,500 እና የ3,000 ሜትር ሯጭ ስትሆን ከትምህርቷ ጎን ለጎን እዚሁ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከአንድ የታዳጊዎች ቡድን ጋር ትለማመዳለች። ባለፈው ዓመት ሰዓቷ በጥሩ ሁኔታ ሲሻሻል ቆይቶ፣ ከዐቢይ ጾም አጋማሽ ወዲህ ግን ዳገት ላይ ቶሎ መድከም ጀመረች። ቀድሞ እየሣቀች የምትጨርሰውን ልምምድ አሁን «እግሬ ከበደኝ» እያለች ነው የምትጨርሰው፤ ማታም ደብተሯን ሳትከፍት እንቅልፍ ይጥላታል።

ጓደኞቿ አብዛኞቹ መልቲቫይታሚን ይወስዳሉ። ከውድድር በፊት የቢ ኮምፕሌክስ መርፌ የሚወጉም አሉ፤ አንድ ልጅ ደግሞ ውድድሩ ዋዜማ ግሉኮስ ተሰክቶለት እንዳደረ ሰምቻለሁ። አሠልጣኛቸው ለወላጆች በከፈተው የቴሌግራም ገጽ ላይ የስድስት ዓይነት እንክብልና ዱቄት ፎቶ ለጥፎ «ውጤት የሚፈልግ ይግዛ» የሚል መልእክት አስተላልፏል። ዋጋው ለእኔ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን በእርግጥ የሚጠቅማት ከሆነ ከሌላው ወጪ ቀንሼ እገዛላታለሁ። እንዲህ ያሉ ነገሮች ለታዳጊ ጉልበትና ፍጥነት ይጨምራሉ? ድካሟስ ከጾሙ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል? ዕውቀቱ ያላችሁ ብታስረዱኝ ባለውለታችሁ ነኝ።

ላቦራቶሪ ባለሙያ (ደብረ ሲና)

ወንድሜ፣ ከመግዛትዎ በፊት መጠየቅዎ መልካም ነው። ቫይታሚንና ማዕድን በራሳቸው ጉልበት አይሰጡም፤ ጉልበት የሚገኘው ከእህሉ፣ ከቅባቱና ከጥራጥሬው ሲሆን፣ እነርሱ የበላነው ምግብ በሰውነታችን ውስጥ ወደ ጉልበት እንዲለወጥ፣ ደም እንዲመረትና አጥንት እንዲጠነክር የሚያግዙ ናቸው። በመሆኑም ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ልጅ ሲሟላለት ልዩነቱ በግልጽ ይታያል፤ ያልጎደለው ልጅ ግን ቢጨመርለት ሰዓቱ አይሻሻልም። መልቲቫይታሚን የዋጠ ልጅ ሽንቱ ደማቅ ቢጫ ሲሆን «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» የሚሉ አሉ፤ ያ ቀለም ሰውነቱ ያልፈለገው ቫይታሚን ቢ2 ተጣርቶ ሲወጣ የሚታይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የጎደላት ነገር መኖር አለመኖሩ ነው። በእርሷ ዕድሜ ላለች ሴት ሯጭ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው የብረት እጥረት ነው። ከ14 እስከ 18 ዓመት ያለች ሴት በቀን 15 ሚሊ ግራም፣ በዚያው ዕድሜ ያለ ወንድ 11 ሚሊ ግራም ብረት እንዲያገኙ ይመከራል፤ ይህም ሥጋ ያለበት የተቀላቀለ ምግብ ለሚመገብ ሰው የተሰላ ነውና ምግቡ ከእህልና ከጥራጥሬ ብቻ ለሆነ ሰው ከዚያ ከፍ ይላል። ሴቷ በወር አበባ ደም ታጣለች። ሯጭ ስትሆን ደግሞ በላብና በአንጀት በኩል ጥቂት ጥቂት ይወጣባታል፤ እግር መሬትን ደጋግሞ ሲመታም ከቀይ የደም ሕዋሳት የተወሰኑት ይፈርሳሉ። በዚህ ላይ ከከባድ ልምምድ በኋላ ለተወሰኑ ሰዓታት ሄፕሲዲን የሚባለው ሆርሞን ከፍ ስለሚል አንጀት ብረትን የመቀበል አቅሙ ይቀንሳል።

«ጤፍ የምንበላ ሰዎች ብረት አይጎድለንም» የሚል ሐሳብ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ብዙው አውድማ ላይ ሲበራይ ከአፈር የተቀላቀለ ሲሆን ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም፤ በራሱ በጤፉ ውስጥ ያለውንም ፋይቴት የሚባለው ንጥረ ነገር ይይዘዋል። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ይህ ፋይቴት ይቀንሳል፤ በደንብ የቦካ እንጀራ ካልቦካ ቂጣ የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ የሚጠጣ ሻይና ቡና ግን የተገኘችውንም ጥቂት ብረት ይቀንሳል። ቢያንስ የአንድ ሰዓት ልዩነት ቢኖረው ይመረጣል።

ስለዚህ ሄሞግሎቢኗን ብቻ ሳይሆን ፌሪቲኗንም ያስመርምሩ። ሄሞግሎቢን አሁን በደሟ ውስጥ ያለውን ብረት ሲያሳይ ፌሪቲን በሰውነቷ የተጠራቀመውን ያሳያል፤ መጀመሪያ የሚያልቀውም የተጠራቀመው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በታዳጊዎች ላይ ከ15 ማይክሮ ግራም በሊትር በታች ያለ ፌሪቲንን የብረት እጥረት ይለዋል። ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ካለ ፌሪቲን ከእውነተኛው መጠን ከፍ ብሎ ስለሚታይ በሕመም ጊዜ አይመርመር። የሰገራ ምርመራም ያሠሩላት፤ በተለይ ወደ ቆላው ወርዳ የምትከርም ከሆነ መንጠቆ ትል ደም ይመጥጣል።

አሠልጣኝ ዘመንዝ

ከላይ የተጻፈውን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ወደ ላቦራቶሪ ከመሄዷ በፊት ገበታዋን እንይላት። ብዙ ዘመን ታዳጊዎችን ሳሠለጥን ካየሁት ድካም አብዛኛው የቫይታሚን ሳይሆን በቂ ምግብ ያለማግኘት ድካም ነው። ልጆቹ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በባዶ ሆድ አሥርና ከዚያ በላይ ኪሎ ሜትር ሮጠው፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ በዳቦ ጠጥተው ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ ከዚያ እስከ ምሳ ሰዓት ምንም አይቀምሱም። እንዲህ ላለው ልጅ ስድስት ዓይነት እንክብል መግዛት ሞተሩ ነዳጅ ላለቀበት መኪና ጎማ እንደ መቀየር ነው።

የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጽሑፍ፣ አንድ ስፖርተኛ ለልምምዱ የሚያወጣውን ጉልበት በምግብ ሳይተካ ሲቀር ሰውነቱ ሌላውን ሥራ እንደሚቀንስ፣ ይህም ሆርሞንን፣ አጥንትን፣ የበሽታ መከላከል አቅምንና ብቃትን በአንድነት እንደሚጎዳ አስረድተዋል። በሴቶች ላይ ግልጹ ምልክት የወር አበባ መዛባት ወይም መቅረት ነው። በአሠልጣኞች ዘንድ «ልጅቷ በደንብ ስለሠራች ቀረባት» እየተባለ የሚታለፈው ይህ ነገር ብዙ ጊዜ በኋላ በእግር አጥንት ስንጥቅ ይገለጣል። ለአባት መጠየቅ የሚከብድ ጉዳይ ስለሆነ እናቷ ወይም ታላቅ እህቷ ይጠይቋት፤ መጠየቁ ግን የግድ ነው።

በእኛ አካባቢ የሚገኘው ምግብ በመጠኑ ከተበላ ለሯጭ የሚያንስ አይደለም። ከልምምድ በፊት በጥብጣ የምትጠጣው በሶ፣ ከልምምድ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቅንጬ ወይም እንጀራ በምስር፣ በቦርሳዋ ደግሞ የገብስና የሽምብራ ቆሎ። በፍስክ ቀን እንቁላልና ወተት ይጨመርበት። በሶ አይቦካምና ፋይቴቱ እንዳለ ነው የሚል ክርክር ከላቦራቶሪ ባለሙያው ሊነሣ ይችላል፤ እኔ በሶን የማዝዘው ለጉልበት እንጂ ለብረት አይደለም።

እመ ብርሃኑ (ጫጫ)

ጾሙን በተመለከተ እንደ እናት ልጻፍ፤ የእኔም ልጅ ሯጭ ነው።

ጾም ማለት ምግቡን መለወጥ ነው፤ መቀነስ ብቻ ከሆነ ግን ለሚያድግ ልጅ ይከብደዋል። እኛ ቤት በጾም ወራት በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ጥራጥሬ እንዲበላ አደርጋለሁ፤ ምስር፣ ሽሮ፣ እልበት፣ ስልጆ ይፈራረቃሉ። ጎመኑን ብዙ ሳልቀቅል አወጣውና ሎሚ እጨምቅበታለሁ፤ ሽሮው አጠገብ ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም አይጠፋም። ቫይታሚን ሲ ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው እንደሚያግዝ፣ ሲቀቀል ግን እንደሚጠፋ በጤና ጣቢያ ካስተማሩን ወዲህ ነው ይህን የያዝኩት። ተልባና ሱፍም አይለየንም። ጨውም አዮዲን ያለውን ገዝቼ በክዳን አስቀምጣለሁ፤ ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲልም እጨምረዋለሁ።

የሚያሳስበው ቫይታሚን ቢ12 ነው ይባላል፤ እርሱ ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት እንጂ ከእህል አይገኝምና። በደንብ የሚበላ ሰው ጉበቱ ውስጥ ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያጠራቅም የሃምሳ አምስት ቀን ጾም ብቻውን አያሟጥጠውም። ነገር ግን በፍስኩም ወተትና እንቁላል ለገበያ የሚወጣበት ቤት ከሆነ፣ ልጁ ዓመቱን ሙሉ እንደ ጾመ ይቆጠራል። የሰዓቱንም ነገር የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። የእኛ አባት ልጁ ከልምምድ እንደ ተመለሰ የጾሙን ምግብ እንዲበላ ፈቅደውለታል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆይ አላሉም።

ፋርማሲስት (ሸዋ ሮቢት)

በፎቶው ላይ ስላሉት ዕቃዎች ልጻፍ፤ ሙያዬ ሽያጭ ቢሆንም እነዚህን ያለ ምርመራ ለልጅ አልሸጥም።

ከሁሉ በፊት የአበረታች ቅመሞች ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት ከ13 አገሮች የተሰበሰቡ 634 የምግብ ማሟያዎች ሲመረመሩ 14.8 በመቶ የሚሆኑት በማሸጊያቸው ላይ ያልተጻፉ፣ በስፖርት የተከለከሉ ሆርሞን ነክ ንጥረ ነገሮች ተገኝተውባቸዋል። በዓለም አቀፉ ሕግ መሠረት በስፖርተኛው ሰውነት ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው ራሱ ስፖርተኛው ነው፤ «አሠልጣኜ ሰጠኝ» ማለት ጥሰቱን አያስቀርም፤ በዕድሜ ለጋነት ግን ቅጣቱ ሊቀልል ይችላል። ግሉኮስ የተሰካለትን ልጅ በተመለከተ ደግሞ፣ የሚሰካው ፈሳሽ የተፈቀደ ቢሆን እንኳ፣ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ በሆስፒታል ሕክምና፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በክሊኒካዊ ምርመራ ምክንያት ካልሆነ በስተቀር የተከለከለ ነው። አንድ የተለመደ የግሉኮስ ከረጢት 500 ወይም 1,000 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ይህን ለዚያ ልጅ ወላጆች ብታደርሱልኝ ደስ ይለኛል።

ቢ ኮምፕሌክስ መርፌ ለተረጋገጠ እጥረት እንጂ ለውድድር ዋዜማ የተሠራ አይደለም። ከተወጉ በኋላ የሚሰማቸው ብርታት ከመርፌው ይልቅ «ተወጋሁ» ከሚለው እምነት የሚመጣ ይመስለኛል፤ ሕዝባችን ለመርፌ ያለው ፍቅር የታወቀ ነው።

ከፍተኛ መጠን ያላቸው ቫይታሚን ሲ እና ኢም ለሯጭ እንደሚታሰበው አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የኖርዌይ ጥናት ለ11 ሳምንት የጽናት ልምምድ ከሠሩ ወጣቶች ለከፊሎቹ በየቀኑ 1,000 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ እና 235 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ኢ ሲሰጥ፣ በጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ልምምዱ ሊያመጣ የሚገባው ለውጥ ከፊሉ ደብዝዟል፤ የኦክስጅን አጠቃቀም አቅማቸው ግን ካልወሰዱት ሰዎች አልበለጠም፣ አላነሰምም። ልምምድ በጡንቻ ላይ የሚፈጥረው መጠነኛ ጫና ራሱ ለሰውነት «ጠንክር» የሚል ትእዛዝ ስለሆነ፣ ትእዛዙን በእንክብል ማፈን ጥቅም የለውም። ብርቱካንና ዘይቱን መብላት ከዚህ ጋር አይያያዝም፤ በምግብ የሚገኘው መጠን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

ካልሲየም ለዚህ ዕድሜ በቀን 1,300 ሚሊ ግራም ይመከራል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 300 ገደማ ይሰጣል፤ ጎመንም ጥሩ ምንጭ ነው። ቫይታሚን ዲ ደግሞ ከፀሐይ ይገኛል፤ ይሁንና በደጋው ብርድ ልጆቹ ከራስ እስከ እግር ተሸፋፍነው ገና ፀሐይ ሳትወጣ ሮጠው ቀኑን በክፍል ውስጥ ስለሚውሉ «እኛ የፀሐይ አገር ነን» ብሎ መዘናጋት አይገባም። ረፋድ ላይ እጅና እግርን ገልጦ ጥቂት መቆየት ይበቃል። ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በቅባት የሚሟሙ በመሆናቸው ሲበዙ በሰውነት ውስጥ ይከማቻሉ፤ ሦስት ዓይነት እንክብል በአንድ ላይ ሲወሰድ በሦስቱም ውስጥ ቫይታሚን ኤ ሊኖር እንደሚችል አሠልጣኙ አስቦበት ይሆን?

የሯጯ አባት (ደብረ ብርሃን)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምክራችሁን ተከትዬ አስመርምሬአታለሁ። ሄሞግሎቢኗ 13.0 ሆኖ ተገኘ፤ ወረቀቱ ላይ ጤናማው ከ12 እስከ 16 ተብሎ ስለተጻፈ ያየኝ ባለሙያ «ምንም የላትም» ብሎ ሸኘን። የፌሪቲኑ ናሙና አዲስ አበባ ተልኮ ስለነበር ዘግይቶ መጣ፤ 9 ይላል። በሰገራዋ ምንም አልተገኘም። እናቷ እንደጠየቀቻት የወር አበባዋ አልቀረም፤ እንዲያውም የሚፈሳት ብዙ ነው፤ ይህንንም እስከ ዛሬ ለማንም አልነገረችም ነበር። እንግዲህ አንዱ ወረቀት ጤነኛ ናት ሲል ሌላው ጎድሏታል ይላል፤ የቱን ልቀበል?

ላቦራቶሪ ባለሙያ (ደብረ ሲና)

ሁለቱ ወረቀቶች አይጋጩም። የተጠራቀመው ብረት ማለቁን 9 የሚለው ቁጥር ያለ ጥርጥር ያሳያል። 13.0 የሚለውን ሲያነቡ ደግሞ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለች አይርሱ። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ በመሆኑ ሰውነት ብዙ ሄሞግሎቢን ስለሚያመርት፣ የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ከፍታ ከተለካው ላይ ከአንድ ግራም ተኩል በላይ ተቀንሶ እንዲነበብ ይመክራል። ሲቀነስ ከ12 በታች ይወርዳል፤ ይህም መጠነኛ ደም ማነስ ነው። ወረቀቱ ላይ የታተመው የ12 መስመር ለባሕር ጠረፍ ነዋሪ የተሰመረ ነው።

ጤና መኮንን (አለም ከተማ)

በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት ልለይ። ያ የከፍታ ቅናሽ ለሁሉም ሕዝብ በእኩል ይሠራል ወይ የሚለው አከራካሪ ነው፤ በተለይ ለእኛ። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ደጋ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎች ተመርምረው የሄሞግሎቢናቸው አማካይ ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ላይ ከሚታየው ከፍ ያለ መጠን በተለየ በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖሩ ሰዎች መጠን የማይወጣ ነው። ስለሆነም ከደጋ ሰው ላይ ቅናሹን ሙሉ በሙሉ ብንወስድ ጤነኛውን «ደም አነሰው» ልንል እንችላለን። እንዲህ ባለ ክርክር መካከል የሚፈርደው ፌሪቲን ነው፤ በዚህች ልጅ ላይም ፈርዷል። ደም ማነስ ደረጃ ላይ ደርሳም ይሁን ገና ሳትደርስ፣ ሕክምናው ያው ነው።

ስለሚወሰደው ነገር፦ ስድስቱን ዕቃ ይተዉት፤ የሚያስፈልጋት አንድ የብረት እንክብል ነው። መጠኑንና የሚቆይበትን ጊዜ የሚያያት ባለሙያ ይወስን፤ ብዙ ጊዜ 60 ሚሊ ግራም ገደማ ንጹሕ ብረት ያለው ሆኖ በየቀኑ ወይም ቀን አልፎ ቀን ይታዘዛል። ሆዷን ካመማት ቀን አልፎ ቀን የሚለውን ጠይቁ፤ አንድ መጠን ከተወሰደ በኋላ ሄፕሲዲን ለአንድ ቀን ያህል ከፍ ስለሚል፣ እያረፉ መውሰድ ከእያንዳንዱ እንክብል የሚገኘውን ድርሻ ያሻሽለዋል። ጠዋት በውኃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ትውሰደው፤ ከሻይ፣ ከቡና፣ ከወተትና ከካልሲየም እንክብል ጋር አይሁን። ሰገራዋ ቢጠቁር አትደንግጡ። ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች ካሉ እንክብሉ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ሕፃን ብዙ ብረት ቢውጥ ለሞት ሊዳርገው ይችላል። የወር አበባዋ መብዛት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነውና እናቷ ይዛት ወደ ሴቶች ሐኪም ትሂድ፤ የሚፈሰው ሳይገታ ብረቱ ብቻውን አይዘልቅም።

ሄሞግሎቢኗ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከፍ ማለት ይጀምራል፤ የተጠራቀመው ብረት እስኪሞላ ግን ሦስት ወር ያህል ይፈጃልና ደህና ሆንኩ ብላ አታቋርጠው። እስከዚያ ድረስ አሠልጣኙ የዳገትና የፍጥነት ልምምዱን ያቅልልላት፤ ቀላል ሩጫውን መቀጠል ትችላለች። በሦስተኛው ወር ፌሪቲኗን ድጋሚ ስታስመረምሩ በማለዳ፣ ትኩሳት በሌለበት፣ ከዋዜማውም ከባድ ልምምድ ሳትሠራ ይሁን፤ ውጤቱን እዚሁ ብታሳውቁን ቀጥሎ ስለሚደረገው እንነጋገራለን።